የአጵሎስ ሱቅ

ሠዓሊው ናስረዲን ቀለሙን በጣሳ እየበጠበጠ፣ «መኪናው ምን ዓይነት ነበር?» አለ።

አቶ ዴታሞ ወደ ልጃቸው ወደ ጣቢታ ዞሩ። «ምን ዓይነት ነበር? ሲደውል የነበረው ላንቺ ነው።»

ጣቢታ የወንድሟን መቃብር አየች። ከአንጋጫ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በአባቷ እርሻ ጫፍ ላይ የቆመ ትንሽ የሲሚንቶ ቤት ነው። ቁመቱ ከሰው ይበልጣል። ነጭ ተቀብቶ ደርቋል፤ የቀረው ሥዕሉ ነው። አጵሎስ ግን ውስጡ የለም። ሬሳው ከሩቅ አገር ስላልመጣ አንድ ጃኬቱንና ፎቶግራፉን ነበር የቀበሩለት።

«ነጭ» አለች።

«ነጭ በነጭ ላይ አይታይም፣ ቲቸር። ችግር የለም፣ ጥቁር መስመር አዞርበታለሁ።» ናስረዲን የሀላባ ሰው ነው፤ ሲሠራ ማውራት ይወዳል። «እኔ ለሞተ ሰው ያልሰጠሁት ነገር የለም። ዱራሜ መውጫ ላይ ለአንዱ አውሮፕላን ሰጥቼዋለሁ። በሕይወቱ የሰው ጋሪ ላይ እንኳ ተሳፍሮ አያውቅም አሉ።»

አቶ ዴታሞ አልሳቁም። «የኔ ልጅ ግን መኪና ነበረው» አሉ።

መኪና አልነበረውም። ሱቅም አልነበረውም። ደቡብ አፍሪካም አልደረሰም።

ይህን ጣቢታ ታውቃለች፤ መጀመሪያ የሰማችው እሷ ናት። አጵሎስ ከቤት ከወጣ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ከየደረሰበት ይደውልላት ነበር። ከዚያ ስልኩ ጠፋ። በሐምሌ አንድ ቀን የማታውቀው ቁጥር ጠራ። ደዋዩ አክሊሉ የሚባል የሀደሮ ልጅ ነበር፤ ከአጵሎስ ጋር አብሮ የሄደ፣ ማላዊ እስር ቤት ሆኖ በሰው ስልክ የደወለ። ጣውላ በጫነ መኪና ውስጥ ተደብቀው ድንበር ሲሻገሩ አጵሎስ ታፍኖ መሞቱን ነገራት። ስልኩን የሰጠው ዘበኛ እያጣደፈው ስለነበር ማልቀሻ ጊዜ አልሰጣትም።

በእነሱ አገር የሞት ወሬ የሰማ ሰው ለቤተሰብ ሮጦ አይናገርም። ለሽማግሌዎች ይነግራል፤ እነሱም ተመካክረው ማለዳ በአንድነት ሄደው ያረዳሉ። ጣቢታ ልጅ ሆና ነው ይህን ያወቀችው። ስለዚህ ለወንጌላዊ ዕንባቆም ነገረች፤ ወንጌላዊው የአባቷ የልጅነት ጓደኛና የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌዎች ሰብሳቢ ናቸው። ሽማግሌዎቹ በቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ተሰበሰቡ፤ እሷም ጥግ ይዛ ተቀመጠች።

«በዕቃ መሀል ታፍኖ ሞተ ተብሎ ለአባት አይነገርም» አሉ ወንጌላዊ ዕንባቆም። «ዴታሞ ልቡን ያመዋል። ሐኪሙ ምን እንዳለ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።»

ማንም አልተቃወመም። እናት ቀደም ብላ ሞታለች፤ የቀሩት አባት ብቻ ናቸው። ስለዚህ ሞቱን አለሳለሱት። አጵሎስ በሰላም ደርሶ ነበር። የአገር ልጆች ሱቅ ከፍተውለት ነበር። ድንገት ትኩሳት ያዘው፤ በአልጋው ላይ፣ በጓደኞቹ መሀል፣ እየተጸለየለት ዐረፈ። ጣቢታን ዝም እንድትል ለመኗት፤ እሺ አለች። አባቷ ማለዳ መርዶውን ሲሰሙ ወድቀው ቢቀሩ ኖሮ ማን ይጠየቅ ነበር?

አቶ ዴታሞ አልወደቁም። ድንኳን ተተከለ፤ ለቀስተኛው ከዳምቦያ ሳይቀር መጣ። በሦስተኛው ቀን ግን ወንጌላዊውን ጠርተው፣ «ሱቁ ትልቅ ነው?» ብለው ጠየቁ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «ደህና ሱቅ ነው አሉ» አለ አንደኛው። ሌላው ደግሞ፣ አባት ፊታቸው ትንሽ ፈታ ሲል ስላየ፣ «መኪናም ነበረው አሉ» ሲል ጨመረ።

ናስረዲን ሥራውን ሲጨርስ ሰው ሁሉ ለማየት መጣ። አጵሎስ ሱፍ ለብሶ፣ ወርቃማ ክራቫት አስሮ ቆሟል። የእጅ ሰዓቱ ከእጁ ይሰፋል። ከኋላው የሱቁ መደርደሪያ ከላይ እስከ ታች ዘይት፣ ሳሙና፣ ብስኩት ሞልቶበታል፤ ጥግ ላይ ለስላሳ የሞላ ፍሪጅ አለ። ከፊት ለፊት መኪናው ይታያል። ዙሪያውን በሰማያዊና በብርቱካን አበባ ታጥሯል፤ በየአበባው መሀል የመስታወት ስባሪ ተለጥፏል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲመታው ሹፌሮች ዓይናቸውን በእጃቸው ይከልላሉ።

አቶ ዴታሞ ባርኔጣቸውን አውልቀው ብዙ አዩት። «አሁን አንድ ፈረንጅ በዚህ ቢያልፍ እንዲህ ያለውን ምን ይለዋል?» አሉ።

ጣቢታ እንግሊዝኛ አስተማሪ ናት። ለዚህ የሚሆን ብዙ ቃል ታውቃለች። ከሁሉ የሚሻለውን መረጠችላቸው።

«ኦርኔት ይለዋል።»

«ምን ማለት ነው?»

«ጌጡ ብዙ የሆነ፣ የተደከመበት፣ በጥንቃቄ የተሠራ ማለት ነው።»

«ኦርኔት» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በመቃብሩ አጠገብ ቆም ላለ ሁሉ፣ ለባጃጅ ሹፌሩም፣ ከገበያ ለሚመለሰውም፣ «ኦርኔት ነው፤ ልጄ ናት በእንግሊዝኛ ያለችው» ይሉ ነበር።

በየካቲት የአሥራ አንደኛ ክፍል መጽሐፍ ስለ ጌጥ የሚናገሩ ቃላት ላይ ደረሰ። መጽሐፉ በአንድ ሣጥን ውስጥ ደርድሯቸዋል፦ ኦርኔት፣ ጎዲ፣ ጋሪሽ፣ ቲንሰል፣ ቶድሪ። ተማሪዎቹ በስልካቸው መዝገበ ቃላት ሲፈልጓቸው ሁሉም «ያሸበረቀ» የሚል ትርጉም ይዘው ይመጣሉ። ይህ ጣቢታን ያናድዳታል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቃል ከቤታቸው እስከ ትምህርት ቤቱ ባለው መንገድ ያዩትን ነገር ምሳሌ እንዲያመጡ አዘዘች።

ፈትሁዲን የሚባለው ቀድሞ እጁን አወጣ። «ጋሪሽ የወንድሜ ባጃጅ ነው፣ ቲቸር። ባለ አምስት ቀለም መብራት አስገብቶበታል። ግቢ ሲገባ ላሟ ትደነብራለች።»

ክፍሉ ሳቀ። ጣቢታም ሳቀች። «ትክክል። ቀለሙና ብርሃኑ ዓይን የሚወጋ ነው ጋሪሽ የሚባለው። ቲንሰልስ?»

«ሠርግ አዳራሽ ላይ የሚንጠለጠለው የሚያብረቀርቅ ክር።»

«ጥሩ። በማግስቱ ምን ይሆናል?»

«ይጣላል።»

«እሱን ያዙት፤ የማይቆይ ነው። ጎዲ?»

ሮዳስ የምትባል፣ ዘንድሮ ከዳምቦያ የመጣች ልጅ ተነሣች። «ጎዲ ማለት ቲቸር፣ ጌጡ ከመብዛቱ የተነሣ የሚያስቅ ማለት ነው። ለምሳሌ ወደ ሆሳዕና መውጫ ላይ ያለው መቃብር። ሱቅ ያለበት። ፍሪጅ ሁሉ አለው።»

ማንም አልሳቀም። ከጎኗ ያለችው ልጅ በክርን ጎሸመቻት። ሮዳስ ግራ ተጋብታ ዙሪያዋን አየች።

«ጎበዝ» አለች ጣቢታ። «ትክክል ነው፤ ተቀመጪ።» ቃሉንና ምሳሌውን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፈች። «መቃብር» የሚለውን ስትጽፍ ጠመኔው ተሰበረና በቁራጩ ጨረሰችው።

«ቲቸር፣ ጎዲና ቶድሪ ታዲያ በምን ይለያሉ?» አለ ፈትሁዲን፣ ጸጥታውን ለማለፍ ይመስላል።

«ጎዲ የሆነ ነገር እውነተኛ ወርቅ ሊሆን ይችላል። ጥፋቱ መብዛቱ ነው። ቶድሪ ግን ከሥር ርካሽ ሆኖ ውድ እንዲመስል የተሸፈነ ነው።»

«ምሳሌ?»

«ራሳችሁ አስቡ» አለችና ደወሉን ጠበቀች።

ያን ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ታናሽ ወንድሟ ጠና ከጎረቤት ልጆች ጋር መቃብሩ አጠገብ ነበር። አንዱ በተሣለው መኪና በር ላይ እጁን አድርጎ ፎቶ ይነሣል። ጠና ኮሌጅ ከጨረሰ ወዲህ ሥራ አላገኘም። እህቱን ሲያይ ከልጆቹ ተለይቶ አብሯት ወደ ቤት መራመድ ጀመረ።

«ጣቢ፣ ልሄድ ነው» አላት።

«የት?»

«ወደ አጵሎስ። ማለቴ ወደ ሱቁ። ከሞተ ጀምሮ ጓደኞቹ ናቸው የያዙት። አባባ ሄደህ ተረከብ፣ የወንድምህ ልፋት የባዕድ ሲሳይ አይሁን አለኝ። ከደላላው ጋር ተነጋግረናል። አባባም ለመንገዴ ባሕር ዛፉን ሸጧል።»

ጣቢታ ቆመች። «መንገዱን ታውቀዋለህ እኮ ጠና። ሰው ያልቅበታል።»

«አጵሎስ አልደረሰም? ደርሶ፣ ሱቅ ከፍቶ፣ መኪና ገዝቶ፣ በሽታ ነው የገደለው። በሽታ እዚህስ የለም?» ፊቷን አይቶ ፈገግ አለ። «አትፍሪ። ነጩን መኪና እኔ ነኝ የምነዳው።»

በማግስቱ ወንጌላዊ ዕንባቆም ቤት ሄደች። ወንጌላዊው ጓሯቸው ውስጥ እንሰት ይተክሉ ነበር፤ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠርገው አዳመጧት።

«ልጁን እንመክረዋለን» አሉ። «ጊዜው ጥሩ አይደለም፣ ትንሽ ቆይ እንለዋለን።»

«ለምን ልቆይ ቢልስ? ሱቁን ማን ይጠብቀው ቢልስ?»

ወንጌላዊው አንድ ችግኝ አነሡ።

«ጋሼ፣ ሱቁን የከፈታችሁት እናንተ ናችሁ። እናንተ ዝጉት።»

«ለአንድ ሞት ሁለት መርዶ እንዴት ይነገራል፣ ልጄ? ምን ብዬ ነው ፊቱ የምቆመው? በመድረክ ላይ ስለ እውነት የምሰብክ ሰው ነኝ።» ድምፃቸው ወረደ። «ደግሞ ልቡ ቢቆምስ? ያኔ ማን ገደለው ይባላል?»

«ጠና ቢሞትስ?»

«ላይሞት ይችላል» አሉ ወንጌላዊው። ያሉትን ራሳቸው ሰሙትና ወደ ችግኙ ተመለሱ።

ቅዳሜ ጣቢታ በሚኒባስ ዱራሜ ደርሳ፣ ሌላ ይዛ ሀደሮ ገባች። አክሊሉ ከእስር ተፈትቶ ከተመለሰ ወራት ሆኖታል፤ ገበያው ዳር ሞባይል ይጠግናል። ስሟን ስትነግረው የያዘውን መፍቻ አስቀመጠ።

«አንድ ቀን እንደምትመጪ አውቅ ነበር» አለ። «ቤታችሁ ልመጣ ነበር። ሽማግሌዎቹ ደውለው አትምጣ አሉኝ።»

«አሁን ግን ና። ወንድሜ ሊሄድ ነው።»

«አንቺው ንገሪያቸው።»

«እኔ መኪናው ነጭ ነው ብዬ ነግሬያቸዋለሁ። ከእንግዲህ እኔን አያምኑም።»

አክሊሉ የተሰበረ ስልክ አንሥቶ አገላበጠ። «እኔ ቤት የመጣ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ አንተ እንዴት ተረፍክ ነው። እናቴ ሳትቀር ጠይቃኛለች።»

«አባቴም ሊጠይቁህ ይችላሉ። አልዋሽህም።»

ስልኩን አስቀምጦ ሱቁን ቆለፈ።

ሲደርሱ አቶ ዴታሞ በእርጥብ ጨርቅ የመንገዱን አቧራ ከሥዕሉ ላይ ይጠርጉ ነበር። በየሁለት ቀኑ እንዲህ ያደርጋሉ። ጠና ውሃ የያዘውን ባልዲ ይዞላቸዋል። ጣቢታ እንግዳውን አስተዋወቀች። «ከአጵሎስ ጋር የሄደው ልጅ ነው፣ አባባ።»

አቶ ዴታሞ ጨርቁን ጥለው አቀፉት። ጉንጩን ደጋግመው ሳሙት። «ሱቁን አይተኸዋል?» አሉ፣ ወደ ግድግዳው እየጠቆሙ። «ይመስላል?»

አክሊሉ ሥዕሉን አየ።

«ሱቅ አልነበረም፣ አባቴ።»

«ምን?»

«አልደረሰም። ማላዊ ድንበር ላይ ነው የሞተው። ጣውላ በጫነ መኪና ውስጥ ነበርን፤ ጣውላውን ከላያችን ደረደሩብን። ቀን ነበር፤ ሙቀት ነበር። አጵሎስ በኔና በብረቱ መሀል ነበር። መጀመሪያ ይዘምር ነበር። ከዚያ ውሃ ጠየቀ። ውሃ አልነበረንም። ከዚያ ዝም አለ። የተኛ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።»

አቶ ዴታሞ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «መኪናው ነጭ ነው አላልሽኝም?»

«ዋሽቼ ነው፣ አባባ። ሽማግሌዎቹም ዋሽተው ነው። ልብዎን ፈርተን ነው።»

እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ጠና ባልዲውን ጥሎ ሊደግፋቸው ቀረበ፤ በክንዳቸው ገፉት። ልባቸው አልቆመም።

«የት ተቀበረ?» አሉ አክሊሉን።

«አላውቅም። እነ ሹፌሩ በሩን ሲከፍቱ የሞቱትን አውርደው መንገድ ዳር ተዋቸው። እኛን ፖሊስ ወሰደን። የመንደሩ ሰዎች ቀብረዋቸው ይሆናል።»

አንተ እንዴት ተረፍክ ብለው አልጠየቁም። ወደ ግድግዳው ዞሩ። ከዚያ፣ «ያ የነገርሽኝ ቃል» አሉ ጣቢታን፤ «እውነት ፈረንጅ ይህን እንደዚያ ይለዋል?»

«አይለውም።»

«ምን ይለዋል?»

ጣቢታ አንድ ቀላል ቃል ልታገኝላቸው ሞከረች። ከዚህ በኋላ ግን አንድም እውነት ያልሆነ ቃል ልትነግራቸው አልቻለችም። «ቶድሪ ይለዋል» አለች። «ርካሽ ነገር ውድ እንዲመስል ሲሸፈን።»

አቶ ዴታሞ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ጨርቁን ከመሬት አንሥተው ጨመቁት። «ሻንጣህን ፍታ» አሉ ጠናን፤ ወደ ቤትም ገቡ።

ጠና ፈታው። ሲያወጣ አንድ በአንድ እያጠፈ ነበር፤ አዲሱን ጫማ፣ ሁለቱን ቲሸርት። ጣቢታ በሩ ላይ ቆማ አየችው።

«ይሄው ቀረሁ» አላት። «አሁን ምን ልሥራ?»

ጣቢታ ገብታ ባዶውን ሻንጣ አልጋው ሥር ከተተችው።

በማግስቱ እሑድ ነበር። አቶ ዴታሞ ቤተ ክርስቲያን አልሄዱም። ነጭ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው፣ አግዳሚ ወንበሩን ከቤት አውጥተው በር ላይ ተቀመጡ፤ ለቅሶ ተቀመጡ። ድንኳን አልነበረም፤ ድንኳኑ ባለፈው ክረምት ተተክሎ ተነሥቷል። ጎረቤቱ አልቅሷል፣ ዕድሩም ድርሻውን ተወጥቷል፤ የአጵሎስ ለቅሶ ለሰው ሁሉ ያለቀ ነገር ነው። ጣቢታና ጠና በግራና በቀኛቸው ተቀመጡ። አክሊሉ አድሮ ነበር፤ እሱም መጥቶ ከጠና አጠገብ ተቀመጠ። በመንገዱ የሚያልፉ ሰዎች ሰላም ብለው፣ ጋቢውን አይተው፣ ምን እንደሚሉ ሳያውቁ ያልፋሉ። አንድ ሚኒባስ መቃብሩ አጠገብ ቀስ አለና ከመስኮቱ አንድ እጅ ስልክ ይዞ ወጣ፤ ከዚያ ሄደ።

ከአምልኮ በኋላ ወንጌላዊ ዕንባቆም መጡ። ወሬው ደርሷቸዋል። አጥሩ በር ላይ ቆሙ፤ መጽሐፍ ቅዱሱን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወሩ። ሊገቡም ሊመለሱም አልቻሉም።

አቶ ዴታሞ አዩዋቸው። ጠናን በእጃቸው ገፋ አድርገው አግዳሚው ላይ ቦታ አስለቀቁ።

«ግባ፣ ዕንባቆም» አሉ። «ተቀመጥ።»

ወንጌላዊው ገብተው ጫፉ ላይ ተቀመጡ። አንገታቸውን ደፍተው ነበር። አቶ ዴታሞ፣ ሽማግሌዎች መርዶ ሲያረዱ እንደሚያደርጉት፣ እጃቸውን በጓደኛቸው ትከሻ ላይ አደረጉ።

«አይዞህ፣ ጠንክረህ ስማኝ» አሉ። «አጵሎስ ሞቷል። ጣውላ በጫነ መኪና ውስጥ ሆኖ ውሃ ጠይቆ ነበር፤ አላገኘም።»